የታችኛው እጀታ

«መጋዙስ?» አለች መበለቲቱ፣ ዐይኗን ግድግዳው ላይ ከቀረው ባዶ ሚስማር ሳትነቅል።

ለለቀስተኛው ሻይ ስትቀዳ የነበረችው የሟች እህት ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቀረች። ከመበለቲቱ አጠገብ የተቀመጠው የቀድሞ የግንድ መኪና ሾፌር፣ በቁመቱ ማጠር ከተማው ሁሉ «ጉቶ» የሚለው ሰው፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክር ጀመር።

«እኛ ዘንድ ነው እትዬ፤ አዲሱ የከተማው ሙዚየም ውስጥ» አለ። «ጋሼ ራሳቸው ‹ስሞት ውሰዱት› ብለውን ነበርና፣ ከቀብር መልስ...»

«አፈሩ ሳይደርቅ?»

«መክፈቻው ደረሰብን። ጋሼን ደግሞ ያውቋቸዋል፤ ሥራ ከሚያስተጓጉሉ ሞታቸውን ለሌላ ሳምንት ቢቀጥሩት ይመርጡ ነበር።»

አንዲት ሴት ሳቋን በመሀረቧ አፈነች። መበለቲቱ ግን አልሳቀችም።

«የሰጠውን አልነሣችሁም። እሱ ይይዘው የነበረውን እጀታ አንድ ጊዜ ልጨብጠው። ሌላ የምሻው የለም።»

ሟቹ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። ጫካው ሳይመናመን፣ የጣውላው ፋብሪካም ሳይዘጋ፣ ያቺን ከተማ ያኖራት ግንድ ነበር። ባለሁለት እጀታውን መጋዝ አብሮት የሚስበው ጓደኛው እግሩን በወደቀ ዛፍ ባጣ ጊዜ፣ ሌላው ቆራጭ ሁሉ የየራሱ ጥማድ ነበረውና፣ ሁለተኛውን እጀታ የጨበጠችው እሷ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን እንደ ጀማሪ ሁሉ መጋዙን ወደ እሱ ገፋችው፤ ስሱ ብረት ተቀስቶ ግንዱ ውስጥ ተቀረቀረ። «አትግፊው፤ ስበሽ ልቀቂልኝ» አላት። ከዚያ ወዲያ ተቆጥቷት አያውቅም።

ተዳፋት ላይ ሲቆርጡ አስቸጋሪውን የታች ወገን ለማንም አይለቅም ነበር። ክንዷ ሲዝል ድርሻዋን ጭምር እየጎተተ፣ «ዛሬስ በረታሽ» ይላታል። እሷም እውነት ይመስላት ነበር። መጋዙ ከሥራ ወጥቶ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ በኋላ አንድ ቀን አቧራውን ስትጠርግ፣ የእሷ እጀታ ከጥቂት ልስላሴ በቀር እንደ ነበረ ሆኖ፣ የእሱ ግን በአውራ ጣቱ ልክ ተቦርቡሮ አገኘችው። ያን ጊዜ ሁሉ ገባት። ለእሱ ግን አልነገረችውም።

ሙዚየሙ የተቋቋመው በአሮጌው የፋብሪካ መጋዘን ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ ወለሉን አጥበው፣ የዛገውን ሁሉ አጽድተው፣ ሟቹ በሠራቸው መደርደሪያዎች ላይ ደርድረውታል። የሥራው መሪ፣ ጡረተኛዋ መምህርት፣ መበለቲቱን ከጉቶ ጋር ስታይ ጓንቷን አውልቃ ተነሣች።

«ያጥናሽ እህቴ። ቤት ልመጣ ስል... ነይ እዪው፤ እንደ አዲስ አድርጌዋለሁ።»

መጋዙ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። መበለቲቱ የእሱን እጀታ ዳበሰች። የአውራ ጣቱ ጉድጓድ የለም፤ በቦታው የእንጨት መድፈኛ ነጭ ስቱኮ ተሞልቷል።

«ይህን ማን ሞላው?»

«እኔ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት። ነቀዝ የበላው መስሎኝ እስከ ሥሩ ድረስ ፍቄ...» መምህርቷ የመበለቲቱን ፊት አየች።

«የጋሼ ጣት ነበር እኮ» አለ ጉቶ፣ ለራሱ እንደሚናገር ሰው።

መምህርቷ ቢላዋ አነሣች። «አሁኑኑ አወጣዋለሁ።»

«ከሥሩ ከተፋቀ ብታወጪው ምን ይገኛል?» አለች መበለቲቱ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም።

ከዚያም እጀታውን፣ እሱ ይይዘው በነበረው አኳኋን፣ አጥብቃ ጨበጠችው። አውራ ጣቷ ገና ባልጠናው ስቱኮ ውስጥ ቀስ ብሎ ሰመጠ።

«መቼ ይደርቃል?»

«ወደ ማታ ገደማ» አለች መምህርቷ።

«እንግዲያው ወንበር አቅርቡልኝ።»

ጉቶ ወንበር አመጣላት። መበለቲቱ ጭብጧን ሳታላላ ተቀመጠች።