ሬይኖ የቆረጣቸው ፍላጻዎች

የአይሊ አባት ሲሞቱ ደጋናቸውን ለአማቻቸው፣ ለአይሊ ባል ለሬይኖ ተናዘዙ። ዕድሜ ልካቸውን በሚሺጋን ጫካ አጋዘን የጣሉበት፣ ማነጣጠሪያ የሌለው የእንጨት ደጋን ነው። ሬይኖ እስከዚያ ድረስ ከጠመንጃ በቀር ይዞ አያውቅም። ግን ወንድ ልጅ አደራ ሲሰጠው እምቢ ይላል እንዴ! ተቀበለ።

ጣጣውን ያመጣው የአይሊ ወንድም ቶይቮ ነው። «ዘንድሮ በደጋኑ አጋዘን ካልጣልክ ለኔ ትሰጠኛለህ፤ ሳሎኔ ውስጥ እሰቅለዋለሁ» አለው፣ ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት። ሬይኖ ቢራው ሞቅ አድርጎት ነበርና «ይሁን!» አለ። አይሊ ይህን ስትሰማ ከገበታው ተነስታ ሳህን ልታጥብ ገባች። ሳህኖቹ ግን ታጥበው ነበር።

የአደኑ ወቅት ነገ ይከፈታል። ሬይኖ የካርቦን ፍላጻዎች ገዝቶ ከእንፋሎት መታጠቢያ ቤቱ፣ ከሳውናው ጀርባ ከደጋኑ ጋር ሊያስማማቸው ይታገላል። ለዚህ ሥራ ፍላጻው ያለ ላባ ነው የሚተኮሰው፤ ላባ የተኳሹን ጉድ ይሸፍናላ! ባዶው ዘንግ ወደ ቀኝ ካዘነበለ ልል ነው፣ ትንሽ ይቆረጣል። ወደ ግራ ካዘነበለ ግትር ነው፣ ጫፉ ላይ ክብደት ይጨመራል። ሬይኖ ይህን ከስልኩ ሸምድዶታል። ጣቱን ከደጋኑ ጅማት ላይ በወጉ መልቀቅ ለማያውቅ ሰው ግን ዘንጉ እንዳሻው እንደሚሄድ ስልኩ አልነገረውም።

ተኮሰ፤ ቀኝ። ቆረጠ። ተኮሰ፤ ግራ። ጫፉን አከበደ። አሁን ደግሞ ቀኝ! ቆረጠ። አንዱን በቆረጠ ቁጥር ሌሎቹንም አብሮ ይቆርጣል፣ እኩል ይሁኑ ብሎ። አስተዋይ ሰው እኮ ነው! በመጨረሻ ጅማቱን እስከ ጉንጩ ሲስብ የፍላጻው ጫፍ ደጋኑን አልፎ ወደ ውስጥ ገባና ጫማው ላይ ዱብ አለ።

«አይሊ!»

አይሊ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሮጣ መጣች። «ምን ሆንክ? ተወጋህ?»

«ምነው በተወጋሁ! አጠሩ። ካርቦን ደግሞ አይቀጠል። አባትሽ ይህን ቢያዩ ግድግዳ ላይ የሚሰቅሉት እኔን ነበር።»

«ሁሉንም ቆረጥካቸው? ለዘር እንኳ አላስቀረህም?»

«እኩል ይሁኑ ብዬ ነዋ!»

አይሊ የሳውናውን በር ይዛ ሳቀች፣ እንባዋ እስኪመጣ። ከዚያ ደጋኑን ከእጁ ወሰደችው።

«ይከብድሻል፣ ተይው...»

ሳይጨርስ አንዱን አጭር ፍላጻ ደግና ጉንጯ ድረስ ሳበችው። ክንዷ ከሱ ክንድ አጭር ነው፤ ፍላጻው ልክክ አለላት። ለቀቀችው። ላባ የሌለው ዘንግ ቀጥ ብሎ ሄዶ ለዒላማ የቆመው ድርቆሽ መሀል ተተከለ። ሌላ ደገመች። ከጎኑ ተሰካ።

ሬይኖ ሁለቱን ዘንጎች ሄዶ ነካቸው። «ማን አስተማረሽ?»

«አባባ ናቸዋ። እዚሁ፣ ልጅ ሆኜ።»

«ታዲያ ለኔ ለምን ተናዘዙት?»

«ቶይቮ ደጋን አይነካም። እኔ ሴት ነኝ። አንተ ወንድ ነህ ብለው ነዋ!» ድምጿ ተሰበረ። «አንተም አንድ ቀን ‹ያንቺ አይደለም ወይ?› ብለህ አልጠየቅከኝም። ጠጥተህ ተወራርደህ ልትሰጥብኝ ነበር።»

ሬይኖ ያስቀመጣቸውን ላባዎች አነሳ። እፍረቱ ጆሮውን አጋለው።

«ላባውን ልለጥፍልሽ?» አለ።

«አንተማ እጅህን እንዳታስገባ! ለቶይቮ ደውል።»

ደወለ። ቶይቮ ከወዲያ ማዶ እየሳቀ «እህሳ፣ መስቀያውን ልምታ?» አለው።

«ደጋኑ የአይሊ ነው» አለ ሬይኖ። «ድሮም የሷ ነበር። ነገ ጫካ የምትገባውም እሷ ናት።»

«አንተስ?»

ሬይኖ ሚስቱን አየ። አይሊ አቀርቅራ ላባ ትለጥፋለች፤ ከንፈሯን እንደ አባቷ ነክሳለች።

«እኔማ» አለ፣ «እሺ ካለችኝ አጋዘኑን እሸከምላታለሁ።»