አቶ ሲሳይ ገዳሙ

ሂዊን አዲስ ሰው ባያት ቁጥር «መሐንዲሱ የት አለ?» ይላታል። ሜትር በእጇ፣ ሄልሜት በራሷ ላይ እያለ! ትናደዳለች፤ ማንስ አይናደድ?

ዘንድሮ ደብረ ማርቆስ ያለውን አሮጌ የንባብ ቤት እንድታድስ ተሰጣት። ቤት ማለት እሱ ነው! ደጁ በቁር ሲያንቀጠቅጥ ውስጡ ይሞቃል፤ ብርሃኑ መጽሐፉ ላይ ያርፋል እንጂ ዓይን አይወጋም። እንዲህ የተጠበበ ሰው ስሙ እንዴት ይጠፋል እያለች ስትብሰለሰል፣ ከበሩ በላይ ያለው ልስን ሲነሳ ድንጋዩ ላይ «ሲሳይ ገዳሙ» የሚል ተቀርጾ ተገኘ። ይህ ስም ሳይነገር ምረቃው አያልፍም ብላ ማለች።

አጠያይቃ ደብረ ኤልያስ ለሚኖር ጀማለዲን ለሚባል ባለሱቅ ደወለች። አሉ እኮ አላት፤ ጎረቤቴ ናቸው፣ አርጅተዋል እንጂ ደህና ናቸው፣ በደጉ ዘመን ብዙ ቤት ሠርተዋል። አንቱታ መልካም ነገር ነው፤ ግን ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ጋቢ ይሸፍናል። ሂዊ ዕለቱኑ እብነ በረድ አስቀረጸች፦ «በአቶ ሲሳይ ገዳሙ ተሠራ»። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አይደል የሚባለው?

ለባለስሙ ላሳይ ብላ ደብረ ኤልያስ ድረስ ተሸክማው ሄደች። ደጃፉ ላይ አንዲት አሮጊት እሸት ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«እማማ፣ አቶ ሲሳይን ፈልጌ ነበር።»

«አቶው እንኳ የሉም፤ ሲሳይ ግን እኔ ነኝ።»

ሂዊ እብነ በረዱን ልትደብቅ ሞከረች፤ ያን የሚያህል ነገር ወዴት ይደበቃል? አሮጊቷ ተቀብለዋት አነበቡት። አልተቆጡም። ያኔም የመጣ ባለሥልጣን ሁሉ መሐንዲሱ የት አለ እያለ አልፏቸው ይሄድ እንደነበር ነገሯትና፣ አንቺንስ አይሉሽም ወይ ብለው ጠየቋት። በየቀኑ፣ አለች ሂዊ። እንባዋ መጣ፤ አፈረች። እሷም አልፋቸው ልትሄድ ነበር።

«አቶዋን ፋቂያት» አሉ እማማ ሲሳይ። «አንቱታውንም ተይልኝ። አንቱ እያሉ ነው የደበቁኝ።»

የምረቃው ቀን እማማ ሲሳይ ከፊት ተቀመጡ። እብነ በረዱ ላይ ከስሙ በፊት የተፋቀ ቦታ አለ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ቤቱን ማን እንደሠራው ጠየቁ። ሂዊ እጇን ዘረጋች።

«እሷ ናት» አለች። «እሷ ናት የሠራችው።»

ሽማግሌው ክው አሉ። አያቷን የሚያህሉትን ሴት «እሷ» ትላለች፣ ምን ያለችው ስድ ናት ብለው አጉረመረሙ።

ሲሳይ ግን ሳቀች።