ሬሳ የሌለበት ለቅሶ

ታፉማን አልረግመውም። ይኸው፣ አልረግመውም ብያለሁ። መረገም ግን ይገባዋል።

የወረዳችን የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነው። ፈረንጆች ለወታደር ቤተሰቦች ያዘጋጁትን የቤተሰብ ማጠናከሪያ ትምህርት፣ ወንዶቻቸው ለሥራ ጆሃንስበርግ ለሄዱባቸው ለኛ ቢጤዎች እንዲያስማማ ተሰጠው። መጀመሪያ ግቢያችን መጥቶ ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ «የከበደኝ ነገር» እያላችሁ በየተራ ተናገሩ አለን። አማታችን ፊት! ማን ደፍሮ? ሁላችንም መሬት መሬት አየን። እሱም እንደኛው የሾና ጎሳ ልጅ ነውና ብልሃት መጣለት።

«ምራቶች ለቅሶ ላይ የሚጫወቱትን ለምን አንጫወትም? ጆሃንስበርግ የሄደውን የፋራይንም ልብስ አምጡ፣ እሱም ይታወስ!»

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ምራት ነጻ ናት። የሟቹን ልብስ ለብሳ አረማመዱን ታስመስላለች፣ አማቷን ትዘረጥጣለች፣ የሚቆጣት የለም። ይህ ግን ሬሳ ላለበት ቤት ነው።

«ሬቫይ፣ ተዪ ይቅርብሽ» አልኳት። የባሌ ታናሽ ወንድም የፋራይ ሚስት ናት። ፋራይ ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እሷ የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጇን ሩምቢን ይዛ እናቷ ቤት መግባት። የጥሎሽ ከብት ተነድቶላታልና ልጅቱ የአባቷ ቤት ናት፤ አማታችን ካልፈቀዱ ንቅንቅ የለም።

«እትዬ፣ እየሳቁ ከሰሙኝ ይፈቅዱልኝ ይሆናል» አለችኝ።

ተነሳች። የአማታችንን አጎንብሶ መሄድ አስመስላ የዱቄቱን ሳጥን ቆለፈች፤ ቁልፉን ጡቷ ሥር ወሸቀች። «ሩምቢ! ይሄ ሆድ ነው በርሜል? ትናንት በልተሽ የለም እንዴ!» ወይ ጉድ፣ ቁርጥ እሳቸውን! አማታችን ራሳቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ የፋራይን ኮት ለበሰች። ደረቷን ነፍታ እንደሱ ተንጎራደደችና «እማዬ፣ ልጄን አብሉልኝ» አለች።

የአማታችን ሳቅ ቀጥ አለ።

«ልጄ የሞተው መቼ ነው?»

«እማማ፣ ትምህርት እኮ ነው» አለ ታፉማ።

«ዝጋ አንተ! የልጄን ኮት ለብሳ ለቅሶ ተጫወተችበት። ሬሳው የታለ? አምጪዋ! ልትገድይው ነው?»

ሬቫይ እግራቸው ላይ ወደቀች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከግቢ አስወጧት፤ ሩምቢን ቤት ቆለፉባት። ታፉማ ደብተሩን ሰብስቦ ሄደ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ትምህርቱን ከባህል ጋር አስማማ ብለው አለቆቹ አጨብጭበውለታል። እጃቸው ይሰበር!

ዝናብ ሲገባ የፋራይ ሬሳ ከጆሃንስበርግ መጣ።

ሬቫይ በእግሯ ገስግሳ ደረሰች። አማታችን በሩ ላይ ቆመው ጠበቋት።

«አንቺማ አልቅሰሽለታል። ለአንድ ሰው ሁለቴ አይለቀስም» አሏት። ወደ እኔ ዞረው «ኮቱን ልበሺ» አሉኝ። ታላቋ ምራት እኔ ነኝ፣ ለበስኩ።

መንጎራደድ ስጀምር ሩምቢ ከሰዉ መሀል ሮጣ መጥታ እናቷ ለብሳው ያየችው ኮት ላይ ተጠመጠመች። «እማዬ! መጣሽ!» ቀና ብላ ፊቴን አየችና ለቀቀችኝ።

ሬቫይ ከአጥሩ ውጭ የልጇን ድምፅ ሰምታ «ሩምቢዬ!» እያለች ጮኸች። ለቀስተኛው ጨዋታው መስሎት በሳቅ ፈረሰ።