ሲስተርና ጎረምሳው

የነርስነት ትምህርት ቤት መግባቷ ከተሰማበት ቀን ጀምሮ ቤተሰቡ ስሟን ረስቶ «ሲስተር» ይላት ጀመር። በአክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ በፌዝ ነው። ልጅቷ ደም አትፈራም፣ ቁስል አያስደነግጣትም። ከሰው ሆድ የሚወጣ ነገር ካየች ግን አለቀላት። አንድ ጊዜ የእህቷን ልጅ ሲያስመልሰው እሷም አብራ አስመለሰች። እናቷ ማንን ቀድማ እንደምትደግፍ ግራ ገብቷት በሁለት እጇ ሁለት ግንባር ይዛ ቆመች።

«በሽተኛውም አስታማሚዋም እኩል ካስመለሱ ሆስፒታሉ ሁለት አልጋ ያዘጋጅ እንግዲህ» አለ ታላቅ ወንድሟ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷም ሳቀች፤ ብቻዋን ስትሆን ግን ሳቁ ይጠፋል። ሙያውን ከልቧ ትመኘዋለች። ያም ሆኖ በሽተኛ ፊት አፏን ይዛ ስትሮጥ ይታያታል።

ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው የአጎቷ ሚስት ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። አጎቷ የእናቷ ወንድም ነው፤ ልብስ ሰፊ፣ ቦርጫም፣ ጥርስ የማያስከድን ተጫዋች። ቀደም ብሎ አንጀቱን ታሞ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር። ሐኪሞቹ የአንጀቱን ጫፍ በሆዱ በግራ በኩል ስላወጡት ሰገራው የሚጠራቀመው እዚያ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ውስጥ ነው። ሲሞላ ራሱ ይደፋዋል። ነቅሎ አዲስ መለጠፉ ግን የሚስቱ ሥራ ነበር፤ ቦርጩ ቦታውን ከልሎ አያሳየውም።

«በመስታወት ሞከርኩት» ይላል። «ግራና ቀኙ ተምታቶብኝ እምብርቴ ላይ ለጠፍኩት።»

ታዲያ የሚስቱ እጅ በጀሶ ሲታሰር ማን ይቀይርለት? እናት ዓይኗን ወደ ልጇ መለሰች።

«ምን ቸገረን? ሲስተር አለችን አይደል!»

እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች። ግን ሕፃን ሳለች አሽኮኮ አድርጎ ያሳደጋት አጎቷ ነው፤ በየት አፏ እምቢ ትላለች? ሄደች።

ቤቱ ከስፌት ሱቁ ጀርባ ነው። አጎቷ ሸሚዙን ገልቦ አልጋው ላይ ተንጋሎ ጠበቃት። ሚስቱ የታሰረ እጇን በሻሽ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትመራታለች።

«ቆዳውን በአንድ እጅሽ ያዢና ከላይ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ አንሺው።»

ጥጉን እንዳነሳች ሽታው ወጣ። አፏ ምራቅ ሞላ፣ ጆሮዋ ጭው አለ። «ይቅርታ» ያለች ይመስለናል፤ የተሰማው ግን የበሩ ድምፅ ብቻ ነው። ከጓሮ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል። ከረጢቱን ሚስትየዋ በግራ እጇ እንደ ምንም አንጋዳ ለጥፋዋለች።

«አጎቴ፣ አፈርኩ» አለች በሩን ተደግፋ።

«አንቺ ምን ያሳፍርሻል? እኔ የመጀመሪያ ቀን ሳየው ራሴን ስቼ ነርሷ ላይ ወደቅሁባት። እሷ ሚጢጢ፣ እኔ ይህን የማክል! መጀመሪያ ያነሱት እሷን ነው።»

«እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ ከሥሩ የጎተትኳት» አለች ሚስቱ።

«ደግሞ ሳትተዋወቁ ነው እኮ የሸሸሽው» አለ አጎቷ ከከረጢቱ ሥር ያለውን የአንጀቱን ጫፍ እያመለከተ። «ስሙ ጎረምሳው ነው።»

«ለምን ጎረምሳው?»

«ሲያሻው ይወጣል፣ ሲያሻው ይጮኻል፣ ማንንም አያስፈቅድም።»

ሳቋ አመለጣት።

በሚቀጥለው ጊዜ ሚስትየዋ ለጉንፋን የሚቀባ ቅባት ከአፍንጫዋ ሥር ቀባቻት። በአፏ እየተነፈሰች፣ አጎቷ በስህተት አንዱን እግር አሳጥሮ ስለ ሰፋው የሙሽራ ሱሪ እያወራላት ከረጢቱን ነቀለችው። ጎረምሳውን ያኔ በደንብ አየችው፤ እንደ ከንፈር ውስጥ ቀይና እርጥብ ነው። ስትነካው ያመዋል ብላ ፈርታ ነበር፤ አጎቷ ግን መነካቱንም አላወቀም፣ ወሬውን ቀጥሏል። ግማሽ ላይ አፏን ይዛ ወጣች፤ አየር ስባ ተመለሰች።

«ተመላልሶ መጨረስም መጨረስ ነው» አላት።

እንዲህ እንዲህ እያለች ሰነበተች። አንዱን ቀን በደህና ትወጣዋለች፣ ሌላውን ቀን ጓሮ ድረስ ትሮጣለች። ከዕለታት አንድ ቀን ታዲያ በጎረምሳው ዙሪያ ያለው ቆዳ ተልጦ መቅላቱን አስተዋለች።

«አጎቴ፣ ይህ አያቃጥልህም?»

ተጫዋቹ ሰውዬ ቀልዱን ተወ። «እንደ እሳት ነው» አለ። «እንዳትጨነቁ ብዬ ነው።»

ያን ቀን ሽታውን ረስታ ስለ ቆዳው ስታስብ ዋለች። በማግስቱ ይዛው ክሊኒክ ሄደች። አጎቷ ወንበሩ ላይ ሳይደላደል «ሲስተር!» ብሎ ሲጣራ ነርሷም ልጅቷም እኩል «አቤት» አሉ። ነርሷ ሳቋን ጨርሳ አየችውና፣ ከቀዶ ጥገና በኋላ ጎረምሳው እየጠበበ እንደሚሄድ፣ የከረጢቱ ተለጣፊ ጎን ቀዳዳ ግን በድሮው ልክ ሰፍቶ እየተቆረጠ ሰገራው ቆዳውን እንደሚያቃጥለው አስረዳቻቸው። መለኪያና የሚነሰነስ ዱቄት ሰጠቻቸው።

«ጉድ በሉ!» አለ አጎቷ። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ ኖሬ የራሴን ልክ ልሳት?»

ቤት ሲደርሱ ልጅቷ በአዲሱ ልክ መቁረጥ ጀመረች። «መቀሱን አታዙሪው፣ ተለጣፊውን አዙሪው፤ ክብ የሚወጣልሽ እንደዚያ ነው» አላት። ልክክ ብሎ ገባ። ቀናት ሲያልፉ ቆዳው ዳነ፤ አጎቷም የስፌት መኪናው ላይ ረጅም ሰዓት መቀመጥ ቻለ።

አንድ ረፋድ ላይ ሱቁ ውስጥ ቁልፍ እየተከለች ሳለ፣ አንድ ግዙፍ የአውቶቡስ ሾፌር ያሰፋውን ሱሪ ሊወስድ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አጎቷ ሥራ ጠምዶት ከረጢቱን ሳይደፋ ቆይቷል። ድንገት የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። እጁን ጎኑ ላይ ጭኖ፣ ፊቱ ጠቁሮ «ሲስተር» አላት በሹክሹክታ። ቀልድ የለበትም። ሱሪው ርሷል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ልጅቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አጎቴ፣ ያ የጓዳው ቧንቧ መፍሰስ ጀምሯል መሰል፤ ና እስቲ እንየው!» አለች። የተሰቀለ ካፖርት አንስታ ትከሻው ላይ ጣል አደረገችለት፤ ወደ ሾፌሩም ዞራ «አንዴ ይታገሱን» አለችና ደግፋ አስገባችው።

«በሰው ፊት...» አለ አጎቷ።

«ማንም አላየም። ተንጋለል።»

ነቀለች፣ በለብታ ውሃ አጠበች፣ አደረቀች፣ ለጠፈች፤ በደንብ እንዲይዝ መዳፏን ጭና አሞቀችው። ይህን ሁሉ ስታደርግ ስለ ሰርግ ዘፈን፣ ስለ ጎረቤት ድመት፣ ያልቀባጠረችው የለም። የአጎቷ ትንፋሽ ሲረጋጋ ሮጣ ወጣችና ለቦርጩ ይበቃል ያለችውን ሱሪ ከመስቀያው ጎትታ አለበሰችው።

ተያይዘው ወጡ። ሾፌሩ አየ። ተነሳ። ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ።

«ይቅርታ... ይህ ሱሪ የኔ አይደለም እንዴ?»

ልጅቷ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አጎቷ ወደ እግሮቹ አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አዲስ አሠራር ነው። ደንበኛ ሳይለብሰው ሰፊው ይፈትሸዋል።»

«እና እንዴት ነው?»

«ወገብ ላይ ትንሽ ይጠብቃል።»

«የኔ ወገብ ላይ ነው ወይስ ያንተ?»

ከዚያ በኋላማ ማን ሳቁን ይቻለው። ሳቁን ሰምታ ከጓሮ የገባችው ሚስትየዋ የታሰረ እጇን አቅፋ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ሳቁ ሲበርድ አጎቷ እውነቱን አንድም ሳያስቀር ነገረው። ሾፌሩ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት።

«እኔ በአውቶቡሴ ውስጥ ያላየሁት ጉድ የለም፤ በዚህ ነው የምትሳቀቀው? ለብሰኸው ዋል። ታጥቦ ይደርሰኛል።»

ሲሄድ ሚስትየዋ ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት።

«ዛሬ ቅባቱን ተቀብተሻል እንዴ?»

ልጅቷ ከአፍንጫዋ ሥር ዳሰሰች፤ ደረቅ ነው። በአፏ መተንፈሱንም አላስታወሰችም፣ ሆዷም አልተላወሰም። «ረሳሁት!» ብላ ጮኸች። «እትዬ፣ ረሳሁት እኮ!» ሴትዮዋን በደህናው እጇ ይዛ አዞረቻት፤ አጎቷም በሰው ሱሪ እያጨበጨበ ዙሪያቸውን ጨፈረ።

ትምህርቱ ተጀመረ፤ ወራት አለፉና ወደ ሆስፒታል ለልምምድ ወጡ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት አሮጊት ነጭ ጋውኗ ላይ አስመለሱባት። ሆዷ ዝም አላለም፤ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበች፣ ከዚያ አፋቸውን ጠረገችላቸው።

«ውይ ልጄን! አበላሸሁሽ» አሉ እያፈሩ።

«ጋውን ይታጠባል እማማ። እርስዎ ቀለል አለዎት?»

አሮጊቷ አፋቸውን ተጉመጥምጠው፣ ትራሳቸው ተስተካክሎላቸው ዘና ሲሉ እጇን ያዙ።

«ደግ ባል ይስጥሽ።»

«መጀመሪያ ፈተናውን ልለፍ እማማ፤ እሱ ከባል ይብሳል።»

አሮጊቷ በድድ ሳቁ። ጎን ያለችው በሽተኛም ሳቀች፣ ከማዶ ያለችውም የቀዶ ጥገና ስፌቷን ይዛ «በማርያም አታስቁኝ!» እያለች ሳቀች።