ወንዝ የሚጠይቅ ሰው

…ስሙስ ይሁን፣ ይላሉ ፈታኟ ማዳም አቴኖ፣ እኔ የጠየቅኩሽ ግን ለምን እንደሆነ ነው፣ ሰውዬው ወንዙን ለምን ያናግረዋል? ያቺ ጌጤ ከቤት ጀምሮ እንደ ከረሜላ እያላመጠቻት የመጣችው ቃል፣ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ሰውኛ ዘይቤ፣ አለቀች፣ ሌላ የላትም። ኣለም ናት ያስጠናቻት፣ ጎረቤቷ ኣለም፣ አምና ተፈትና ያለፈችው፣ ስሚ አንቺ፣ ዛፍ ካወራ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ንፋስ ካለቀሰ ፐርሶኒፊኬሽን፣ ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ከሆነ ዓይንሽን ጨፍነሽ በያት፣ አታሳፍርሽም። ይኸው አሳፈረቻት።

ለምን። ለምን ያናግረዋል። ወረቀቱ በእጇ ነው፣ አራት አንጓ ግጥም፣ አንድ ሰው ብቻውን ወንዝ ዳር ቆሟል፣ ሌላ ምንም የለም፣ አንተ ከበረዶው ተራራ የመጣህ፣ የወፍጮውን ድምፅ የሰማህ፣ በእናቶች ደጃፍ ያለፍክ ወንዝ፣ ወዴት ነው የምትሄደው? ይላል፣ ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ፣ ወንዙ ዝም። እብድ ነው እንዴ ሰውዬው? እንዲህ ብላ ብትመልስ ይስቁባታል፣ ውጭ አግዳሚው ላይ ቀድመዋት የተፈተኑ ሦስት ልጆች ውጤት ይጠብቃሉ፣ ሦስቱም ከእሷ የተሻለ እንግሊዝኛ ያወራሉ፣ ትምህርት ቤቱ ለስደተኛ ልጅ ያለው ነፃ ቦታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ አንድ። ካላገኘችው ላቪንግተን፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ እትዬ ለተኪዳን ምግብ የሚያበስሉበት ቤት ሕፃን ልትይዝ ነው፣ የቤቱ እመቤት ሁለት ጊዜ ጠይቀዋል፣ እትዬ ለተኪዳን ሁለቴም እምቢ ብለዋል፣ የኔ ልጅ ፎርም ዋን፣ ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች ብለው።

የኔ ልጅ። ልጃቸው አይደለችም እኮ። አዲስ አበባ ጎረቤት ነበሩ፣ በቃ፣ አባቷ ዘርይሁን ከሥራ ቦታው ተወስዶ የቀረ ጊዜ፣ እናት የላት፣ ወንድም የላት፣ እሳቸው ናቸው ለስደት ጓዛቸውን ሲሸክፉ የእሷንም ሁለት ቀሚስ ጨምረው የሸከፉት። ሞያሌ ላይ ፖሊሱ ይቺስ ማናት ሲል፣ ዓይናቸውን ሳያሹ፣ ልጄ ናት። የአስመራ ሴት ናቸው፣ አማርኛቸው ጥርት ያለ ነው፣ ሲቆጡና ሲራሩ ብቻ ጓለይ ይሏታል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እሷ ግን ለዚህ ትምህርት ቤት ፎርሙን ስትሞላ፣ አሳዳጊ የሚለው ላይ፣ ጎረቤት ብላ ጻፈች። የአሳዳጊ ትምህርት፣ የለም። አፍራ ነው። ለምን አፈረች?

በአውሮፕላኑ ምክንያት ነዋ።

ማክሰኞ የእረፍት ቀናቸው ነው፣ ኢምባካሲ፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ያለችው ግቢያቸው ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውሮፕላኑ ጣሪያውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ይመጣል፣ እትዬ ለተኪዳን ቀና ይላሉ፣ አፋቸው ውስጥ የልብስ መቆንጠጫ እንደያዙ፣ ኋላም አውጥተው፣ አንተ ከዚያ ማዶ የመጣህ፣ ያን ሁሉ አገር ከላይ ያየህ፣ ልጄን ሃብተኣብን አላየኸውም ወይ፣ ረጅም ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፣ እግሩ ላይ ጫማ አለ ወይ? የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ ላይ ተንጠልጥለው፣ ማማ ንዴጌ! ማማ ንዴጌ! የአውሮፕላኗ እማማ! ጌጤ ሳፋውን ይዛ ወደ ውስጥ። አየር ማረፊያው ውስጥ ጭነት የሚያወርዱት ጋሼ ወርቁ ደግሞ አንድ ቀን በጆሮዋ፣ የማክሰኞው እኮ እዚሁ አገር ከሞምባሳ ነው፣ ዓሣ ነው የያዘው፣ እኔው ነኝ የማወርደው፣ ለእሳቸው ታዲያ እንዳትተነፍሺ።

አልተነፈሰችም። ግን አንድ ማክሰኞ አላስቻላትም፣ ልጆቹ በጣም ሲስቁ፣ እትዬ፣ አይሰማም እኮ! ብላ ጮኸች፣ እሳቸውም ሳይቆጡ፣ ሸሚዙን እያራገፉ፣ መች ጠፋኝ ጓለይ፣ የሚሰማ ሰው ቢኖረኝ እሱን አልጠይቅም ነበር?

እሱን አልጠይቅም ነበር።

ቆይ።

ጌጤ ወረቀቱን ታያለች፣ ወንዙ ይጠፋና እትዬ ለተኪዳን ናቸው እዚያ ዳር የቆሙት፣ ሸሚዝ ይዘው፣ ቆይ፣ ሌላም አለ፣ አውሮፕላኑ ጣሪያው ላይ ሲሆን ነገራቸው ረጅም ነው፣ ጠባሳው፣ ጫማው፣ ሁሉም፣ ወደ አየር ማረፊያው መጋዘኖች ዝቅ ሲል ያጥራል፣ አላየኸውም? ከመጋዘኖቹ ጀርባ ሲጠፋ፣ ልጄስ? ያቺው ብቻ። ወረቀቱም እንደዚያው ነው፣ የመጀመሪያው አንጓ ስንኙ ረጅም ረጅም፣ ሁለተኛው አጠር፣ ሦስተኛው ደግሞ፣ የመጨረሻዋ መስመር አንዲት ቃል፣ ወዴት? ገጣሚው የደከመው መስሏት ነበር! ውሃው እየሄደበት ነው እንጂ። መስመሩ የሚያጥረው ውሃው ስለሚርቅ ነው።

የሚጠይቀው ሰው ስለሌለው ነው፣ ትላለች። ድምፅሽን ከፍ አድርጊ ልጄ። የሚጠይቀው ሰው ስለሌለው ነው፣ ማዳም፣ መስመሮቹም፣ እዩዋቸው፣ እየራቀው ሲሄድ ያጥራሉ፣ መጨረሻ ላይ አንዷ ቃል ብቻ ትቀርለታለች። እንግሊዝኛዋ ይሰባበራል፣ ግድ የላትም፣ ማዳም አቴኖ መነጽራቸውን አውልቀዋል። ወንዙ አይመልስለትም እኮ፣ ታዲያ ለምን አራት ጊዜ? ጌጤ ሳታስብ፣ ያልጠየቀ ቀን የረሳ ይመስለዋላ።

ማዳም አቴኖ ፎርሙን ይስባሉ። ይህን ማን አስተማረሽ? ፎርሙ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ጎረቤት፣ የለም፣ በገዛ እጅ ጽሑፏ፣ ጉንጯ ይግላል፣ እናቴ፣ ትላለች፣ እዚያ ላይ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት፣ እናቴ ናት፣ አውሮፕላን ትጠይቃለች።

ማዳም አቴኖ አይስቁም። ብዕራቸውን አንስተው ጎረቤት የሚለውን ይሰርዛሉ፣ በላዩ እናት ብለው ይጽፋሉ፣ ከዚያ አንገታቸውን ሳያቀኑ፣ ጥር ላይ ስትመጪ ጫማሽ ጥቁር ይሁን።

ጥር። ጥቁር ጫማ። ኮሪደሩ፣ አግዳሚው፣ ልጆቹ አንቺንስ ምን ጠየቁሽ ይሏታል፣ አልሰማቻቸውም፣ ማታቱ ታክሲ፣ ሌላ ማታቱ፣ ነገ ማክሰኞ ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳፋውን ይዛ አትገባም፣ የሰፈሩ ልጆች ይጩኹ፣ ከሞምባሳ ይምጣ፣ ዓሣ ይጫን፣ ከጎናቸው ትቆማለች፣ እሳቸው ሃብተኣብን ሲጨርሱ እሷም አንገቷን ታቀናለች፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠይቃ አታውቅም፣ አንተ ከዚያ ማዶ የመጣህ፣ አባቴ ዘርይሁን፣ አጭር ነው፣ ሲስቅ ዓይኑ ይጠፋል፣