የእድሩ መዝገብ የት ገባ?

1.

ወሰዱት።

ይመርን አይደለም። ይመርን ከወሰዱት አስር ቀን አልፎታል። አሁን የወሰዱት የእድራችንን መዝገብ ነው፤ ጥቁር ሽፋን ያለውን፣ ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈውን።

2.

ተከሳሽ፦ ይመር ሙሄ፣ በያጅ።

ክሱ፦ ቅዳሜ ቀን በሰባት ሰዓት ከገበሬዎች ማኅበር መጋዘን የውሃ መሳቢያ ሞተር ሰርቋል።

የተጠረጠረበት ምክንያት፦ ባለፈው ወር የመጋዘኑን በር የበየደው እሱ ነው። (በር የሠራ ሁሉ ሌባ ከሆነ የከተማው በያጅ በሙሉ ይታሰር።)

በዚያ ሰዓት የነበረበት፦ የእማማ ደጊቱ ቀብር ላይ፣ ቃሬዛ ተሸክሞ።

ይህን የሚያውቅ፦ እድርተኛው በሙሉ።

ይህን የጻፈ፦ መዝገቡ ብቻ።

3.

በእኛ እድር ቀብር ላይ ስም ይጠራል። የመጣ ምልክት ይደረግለታል፤ የቀረ ይቀጣል። ጸሐፊው ጋሽ አበጋዝ በዚህ ቀልድ አያውቁም። አንድ ጊዜ የገዛ ሚስታቸውን «ቀሪ» ብለው ጽፈዋል፤ ሴትዮዋ ልጅ እያስታመመች ነበር። ከዚያ በኋላ ለሳምንት ምሳቸውን ጎረቤት ቤት እየዞሩ በልተዋል ይባላል። መዝገቡ ግን አልተሰረዘም።

እንዲህ ያለ መዝገብ ነው የጠፋው።

4.

ትርንጎ የይመር ሚስት ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ስትናደድ መርፌውን በከንፈሯ እንደያዘች ነው የምትናገረው። ጋሽ አበጋዝ ቤት የሄደችውም እንደዚያ ሆና ነው።

ትርንጎ፦ ጋሼ፣ መዝገቡን ለማን ሰጡት?

ጋሽ አበጋዝ፦ ለሳጅን ተመቸ። ለምርመራ ይፈለጋል አለኝ።

ትርንጎ፦ ደረሰኝስ?

ጋሽ አበጋዝ፦ የምን ደረሰኝ? አባላችን አይደል እንዴ። አምና አባቱን የቀበርንለት እኛ ነን። አብሮሽ ድንኳን የተከለ ሰው ፈርምልኝ ይባላል?

ትርንጎ፦ እኔ የእድሩን ድስት ስዋስ ግን ያስፈርሙኛል።

ጋሽ አበጋዝ፦ አንቺማ ድስቱን አሳርረሽ ነው የምትመልሺው።

አልሳቀችም። እሳቸውም ወዲያው ኮፍያቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት።

5.

(ይህ ቁጥር ተወስዷል። ደረሰኝ የለውም።)

6.

የዐቃቤ ሕግ የማስረጃ ዝርዝር

የሰው ምስክር፦ የመጋዘኑ ዘበኛ። «ቁመቱ እሱን የሚመስል ሰው ከሩቅ አይቻለሁ።»

የሰነድ ማስረጃ፦ የሞተሩ የግዢ ወረቀት። የበሩ ፎቶግራፍ።

የእድር መዝገብ፦

 

የለም።

7.

የባልሽን ንጽሕና የያዘ መዝገብ ለማግኘት እንዲህ አድርጊ፦

ጣቢያ ሂጂ። ለዐቃቤ ሕግ ልከነዋል ይሉሻል።

ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሂጂ። ከጣቢያ አልደረሰንም ይሉሻል።

ጣቢያ ተመለሺ። ሳጅኑ ስብሰባ ላይ ነው።

ጠብቂ።

ሳጅኑ በጓሮ በር ወጥቷል።

ጠብቂ።

 

ጠብቂ።

8.

ሦስት እድርተኞች ፍርድ ቤት ቀርበው «ይመር ቀብር ላይ ነበር» ብለው መሰከሩ። ዐቃቤ ሕጉ «የአንድ እድር ሰዎች ናችሁ፣ ተመካክራችሁ ነው የመጣችሁ» አላቸው። ሳይመካከር የሚቀብር ሰፈር የት እንዳየ አልተናገረም።

ለይመር መንግሥት ያቆመለት ጠበቃ አቶ ልሳነወርቅ አርባ ፋይል ተሸክሞ የሚዞር፣ ዓይኑ ያበጠ ሰው ነው። ትርንጎ የፍርድ ቤቱ በረንዳ ላይ ያዘችው።

«መዝገቡን አምጡ በላቸው እንጂ።»

«ብያለሁ፣ ወይዘሮ ትርንጎ። ዐቃቤ ሕጉ የሚጠቅመኝን አቅርቤያለሁ ነው የሚለው። ሕጉም ተከሳሽ የቀረበበትን ማስረጃ ሁሉ የማየት መብት አለው ይላል።»

«የቀረበበትን ያሳዩታል። የተደበቀበትንስ?»

አቶ ልሳነወርቅ ፋይሉን ከአንድ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ።

«የሚጠቅመኝ ይላል ደግሞ» አለች ትርንጎ። «ባሌን በሬ አደረገው እንዴ፣ ገበያ አውጥቶ የሚያተርፍበት? እኔ መንግሥት ሲከስ እውነቱን ፈልጎ ይመስለኝ ነበር። ሰባት ዓመት ነው የሚፈርዱበት። ሰባት! በአንዲት ደብተር።»

ጮኸች። የፍርድ ቤቱ ዘበኛ መጣ። ዘበኛውንም ተቆጣችው።

9.

ነገሩን የገለበጠችው ዘምዘም ናት፤ የትርንጎ ጎረቤት። ትርንጎ ሳጅኑን ስትራገም ሰምታ፣ ሽንኩርቷን መላጥ ሳታቆም፦

«እንዴ፣ ተመቸ ራሱ ቀብሩ ላይ ነበር እኮ። ሲመለሱ እጁን ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ከይመር ጎን ነው ቃሬዛውን የያዘው። የደንብ ልብሱን አውልቆ ነበር የመጣው፣ ለዚያ ነው ብዙ ሰው ልብ ያላለው።»

ትርንጎ ለአቶ ልሳነወርቅ ነገረችው። ጠበቃው ፋይሉን አገላበጠ። ሳጅኑ በገዛ እጁ ጽፏል፦ «ቅዳሜ ከስድስት እስከ አስር ሰዓት ጣቢያ ተረኛ ሆኜ ጥቆማውን ተቀበልኩ።»

ስለዚህ መዝገቡ ይመርን ነፃ ሲያወጣ ሳጅኑን ያስይዛል። ከይመር ስም ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የእሱም ስም አለ፤ የመጣ ምልክት ተደርጎለታል። ጋሽ አበጋዝ ለማንም አያዳሉም።

10.

ከችሎቱ

(ሳጅኑ በጠበቃው ጥያቄ ምስክር ሆኖ ቀርቧል። ኋላ ወንበሮች ላይ እድርተኛው ሞልቷል። ዳኛዋ «ድምፅ ያሰማ ይወጣል» ስላሉ የሚያስል እንኳ የለም። ከፊት የእማማ ደጊቱ ልጅ፣ ጥቁሯን እንደለበሰች።)

ጠበቃ፦ የእድሩን መዝገብ ወስደዋል?

ሳጅን ተመቸ፦ ብዙ ሰነድ ነው የምንሰበስበው። አላስታውስም።

ጠበቃ፦ ቅዳሜ በሰባት ሰዓት የት ነበሩ?

ሳጅን ተመቸ፦ ተረኛ ነበርኩ።

ጠበቃ፦ ዞር ብለው እዚህ የተቀመጡትን ሰዎች፣ የሟቿንም ልጅ ይመልከቱ። ያውቋቸዋል?

ዐቃቤ ሕግ፦ ክብርት ዳኛ፣ ይህ ከጉዳዩ ጋር አይያያዝም።

ዳኛ፦ ይያያዛል። ይመልከቱ።

(ሳጅኑ ዞረ። ትርንጎ መርፌ አልያዘችም፤ ከንፈሯን ነው የነከሰችው። የሟቿ ልጅ ቀና ብላ አየችው።)

ዳኛ፦ ምስክር፣ ምለው ነው የቆሙት። አንድ ጊዜ ብቻ እጠይቅዎታለሁ። በዚያ ሰዓት የዚህችን ሴት እናት ከተከሳሹ ጋር ተሸክመዋል ወይስ አልተሸከሙም?

ሳጅን ተመቸ፦