ፎጣው ከላይ ሲታይ

እሑድ ጠዋት ታላቅ እህቱ ሳታንኳኳ ገባችና ተነስ፣ ሽርሽር እንሄዳለን አለችው። ዘዋሪው አልተከራከረም። ሚስቱ ከሞተች ይኸው ሁለተኛ ወሩ ነው፤ ተነስ ሲሉት ይነሳል፣ ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ግን ዓይኑን ጣራው ላይ ተክሎ ያድራል። ሸሚዙን ለበሰ። አንድ ቁልፍ ዘሎ ነበርና እህቱ እንደ ሕፃን አስተካክላ ቆለፈችለት።

ግቢውን ሲያቋርጡ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ የተሰቀለው ፎጣ ፊቱ ላይ ሊያርፍ ሲል እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ አለፈ። እህቱ ፎጣውን አየች፣ እሱን አየች። ሁለት ጊዜ ላውርደው ብላው ሁለቴም ተይው ብሏታል።

ሰው ዘዋሪው የሚለው ሰው በወንበር አሳፍሮ ወደ ላይ የሚያወጣውን የመናፈሻውን ትልቅ መንኮራኩር አሥራ ስምንት ዓመት ስላዞረ ነው። ከተማይቱ ትንሽ አትባል፣ ትልቅ አትባል፤ በእረፍት ቀን መሄጃው ያው ነው። መጀመሪያ በእግር የሚነዱት ጀልባዎች ያሉበት ኩሬ፣ ቀጥሎ አይስክሬም ቤቱ፣ መጨረሻ መንኮራኩሩ። ዘዋሪው እያንዳንዱን ወንበር ጫፍ ላይ ሲደርስ አቁሞ እስከ አሥር ይቆጥራል፤ ሰው የቤቱን ጣራ እንዲፈልግ።

የፎጣውም ነገር የመጣው ከዚህ ነው። ሚስቱ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋ ስለነበር ምሳዋ ሰዓት የለውም፤ ዛሬ ስድስት ሰዓት ቢደርስ ነገ ስምንት ነው። ስልክ ብትደውል በሞተሩ ጩኸት አይሰማም። ስለዚህ ምሳው ሲደርስ ከሰፈሩ ውኃ ታንከር አጠገብ ባለው ግቢያቸው ገመድ ላይ ቢጫ ፎጣ ትሰቅላለች። ከታች ለቆመው ለእሱ አይታየውም፤ ጫፍ የደረሰውን ሰው አንጋጦ፣ "ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቢጫ ነገር አለ?" ይላል። የለም ካሉት ማዞሩን ይቀጥላል። አለ ካሉት ሰዎቹን አውርዶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ደንበኞቹ እየለመዱት ሳይጠየቁም ምሳህ ደርሷል ይሉት ጀመር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛማ፣ ከዘገየህ የሚጠብቅህ ሰሃን ማጠብ ነው እያለ ከላይ ይተርበዋል።

የሞተችው ፎጣውን ሰቅላ ስትመለስ ነው። ልቧ ነው አሉ። ያን ቀንም ከላይ አለ ብለውት ነበር፤ ሲደርስ ደጃፉ ላይ ወድቃ አገኛት።

ከቀብሩ በኋላ ሥራ ገብቶ ሁለት ቀን አዞረ። በሦስተኛው ቀን ወሬውን ያልሰማ አንድ ደንበኛ ከጫፍ ላይ ሆኖ፣ ዘዋሪው፣ ምሳህ ደርሷል ብሎ ጮኸ። እሱም ሰዎቹን አወረደ፣ እጁን ታጠበ፣ እስከ ቤቱ ግቢ በር ድረስ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ወደ መናፈሻው አልተመለሰም። ሥራ አስኪያጁ ታግሦ ታግሦ፣ ሰኞ ካልገባ ቦታውን ለጊዜው በእሱ ፈንታ ለሚያዞረው ተተኪ እሰጣለሁ ብሎ ለእህቱ ነግሯታል። እሷም ለእሱ ነገረችው። እሺ አለ፤ እሺ ማለት ምንም አያስከፍልም።

በእሑዱ ሽርሽር፣ ጀልባው ላይ እህቱ ብቻዋን ትረግጣለች። እሱ እግሩን መርገጫው ላይ አኑሮ ረስቶታል። ጀልባው ባለበት ይዞር ጀመር።

"ወንድምዓለም፣ እዚህም ልታዞረኝ ነው?" አለችው።

ቀልድ መሆኑ ገባው። ጥሩ ቀልድ መሆኑም ገባው። ሳቁ ግን አልመጣም። አይስክሬሙም እጁ ላይ ቀልጦ እስከ ክርኑ ሲወርድ የነገረችው እሷ ናት፤ ቅዝቃዜው አልተሰማውም።

መንኮራኩሩ ጋ ተተኪው ቆሟል። ሲያቆም ሰው ስለሚያናጋ ፍሬኑ የሚል ስም ወጥቶለታል። ዘዋሪውን ሲያይ ተደናግጦ፣ ብረቱን ዝጋ፣ እጅህን ወደ ውጭ አታውጣ እያለ ያስረዳው ጀመር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸው ነው። ዘዋሪው ግን እንደተባለው ብረቱን ዘጋ። በአሥራ ስምንት ዓመት አንድ ቀን ተሳፍሮበት አያውቅም፤ እሱ ከወጣ ማን ያዞረዋል?

ጫፍ ሲደርሱ ወንበሩ ተናግቶ ቆመ። የውኃ ታንከሩን ወዲያው አገኘው። ከአጠገቡ የእሱ ጣራ፣ ከጣራው ሥር አንዲት ቁራጭ ነገር። የጥፍር ያህል ናት። አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር ጀመረ።

"አየኸው?" አለች እህቱ።

"አየሁት።"

"ሰዎቹ ክፋት የላቸውም። እዚያ እስካለ ድረስ ግን ምሳህ ደርሷል ማለታቸውን አይተዉም።"

"እታለም፣ ቢጫ አይደለም እኮ" አላት። "ነጥቷል።"

ቆጠራው ሰባት ላይ ሲደርስ ወንበሩ ተንቀሳቀሰ። መሬት ሲደርሱ ብረቱን ከፍቶ ወረደና ፍሬኑን፣ "እስከ አሥር ነው የሚቆጠረው። ሦስት ጎድሏል" አለው። እህቱ ዞር ብላ አየችው። ማንም ሳይጠይቀው ከተናገረ ሁለት ወሩ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ገመዱ ሥር ቆመ፤ አሁን አላጎነበሰም። ሁለቱን መቆንጠጫዎች ነቀለ። ፎጣው ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት እንደ ቆዳ ደርቋል፤ መቆንጠጫዎቹ ነክሰውት የቆዩበት ቦታ ብቻ እንደ ድሮው ቢጫ ነው። አጣጥፎ የሚስቱ ስፌት መኪና ላይ አስቀመጠው። እህቱ አሁን ያለቅሳል ብላ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። አላለቀሰም። ውኃ ጠጣና ተቀመጠ።

ሰኞ ሥራ ገባ። ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዘዋሪው ወንበሩን አቆመ፤ ሳያስበው አንገቱ ቀና አለ፣ አፉም ተከፈተ።

"ከውኃ ታንከሩ አጠገብ ቢጫ ነገር አለ?"

ሰልፍ ላይ የነበሩት ሁሉ ወደ ዘበኛው አንጋጠጡ። ዘበኛው የዘዋሪው ሚስት መሞቷን ያውቃል። ቢሆንም እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ፣ እንደሚገባ፣ ረጅም ጊዜ አየ።

"የለም" አለ።

"እሺ" አለ ዘዋሪው። እስከ አሥር ቆጠረና ማዞሩን ቀጠለ።